አርባ ረቂቅ ለአንድ ፍየል

በ2068 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ናርዶስ አስፋው በግራ እጇ ትሠራ ነበር። መስከረምን ያሳለፈችው ዓይኑ እየደከመ የመጣ፣ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ የሚደጋግም የሃምሳ ዓመት ሰው ሆና ነው። ለጥቅምት የተሰጣት ሰው ዮናታን ይባላል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ግራኝ ነው፤ ሥራ ሲከብደው የወረቀቱን ጠርዝ በጣቱ ያጥፋል። ዮናታን በዚህ ምድር ላይ ኖሮ አያውቅም። የናርዶስ ሥራ ዮናታን ሣላቸው የሚባሉትን ረቂቆች መሣል ነበር።

መሥሪያ ቤቷ ኮምቦልቻ ነው፤ ድሮ ልብስ ይሰፋባቸው ከነበሩት ትልልቅ ሼዶች አንዱን ቀለምሰፈር የሚባል ድርጅት ይዞታል። አስራ አራት ሠራተኞች ነበሩ። ከመካከላቸው ከሃምሳ አምስት ዓመት በታች የሆነ አልነበረም፤ ከዚያ በታች ያለ ሰው እርሳስ ይዞ አላደገም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይገባሉ፤ ስልካቸውን በር ላይ ያስቀምጣሉ፤ በምድጃ ሞቆ የቆየ እንዲመስል የተደረገ ወረቀት ይታደላቸዋል። ለአንድ ገጸ ባሕርይ አርባ ረቂቅ ያስፈልጋል። ከአርባው አስራ አንዱ የተበላሹ መሆን አለባቸው፤ ከአስራ አንዱ ደግሞ ሦስቱ በንዴት የተሰረዙ። ንዴቱ ይለካል። እርሳሱ ወረቀቱን ምን ያህል ሰርጉዶት እንዳለፈ የምታይ ትንሽ መብራት አለች፤ ካልበቃት ቢጫ ትሆናለች፣ ሠራተኛውም እንደገና ይናደዳል። አንድ ገጽ ላይ ሻይ ይፈሳል። ለሁሉም ሻዩን የምታፈሰው ናርዶስ ነበረች፤ ሳይታሰብ የፈሰሰ የሚያስመስለው የእሷ እጅ ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው ከአስራ ስድስት ዓመት በፊት በወጣ ሕግ ነው። ከሰው እጅ ያልወጣ ሥራ ባለቤት የለውም ይላል ሕጉ፤ ባለቤት የሌለውን ደግሞ ማንም አንሥቶ የራሱ ሊያደርገው ይችላል። የአኒሜሽን ተከታታይ ፊልሞችን የሚሠራው ማሽን ነው። ከምሳ በኋላ ጀምሮ ሳይመሽ መቶ ክፍል ያወጣል። ረቂቅ የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ረቂቁ የሚሠራው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው። ረቂቁ በመጽሐፍ ይጠረዛል፣ መጽሐፉ ለእጅ ሥራ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይገባል፣ ጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ያደርግበታል፣ ፊልሙም ባለቤት ያገኛል።

መጀመሪያ የንድፍ መጻሕፍቱ ለመዝገብ ቤት ብቻ ነበሩ። ቆይቶ ሰው ይገዛቸው ጀመር። ፊልሙ ለየቤቱ ለብቻ ስለሚሠራ ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ዓይነት ክፍል አይተው አያውቁም፤ በአንዱ ቤት የሞተው ጀግና በሌላው ቤት ሚስት ያገባል። መጽሐፉ ግን በሁሉም ቤት አንድ ነው። ሰው ለሰርግ ይሰጠዋል፤ አራስ ጥየቃ ይዞት ይሄዳል። የተሰረዙትን ገጾች በጣት እየዳሰሱ «አይ የሰው ልጅ ልፋት!» ይላሉ። ለሌሉ ሠዓሊዎች ደብዳቤ ይጽፋሉ። አንዲት የሐይቅ ሴት ለመስከረሙ ሰውዬ የዓይን ጠብታ ልካለታለች።

ናርዶስ በአስራ አምስት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አስራ ሁለት መጽሐፍ እንዲህ አድርጋ ሠርታለች። ጥፋት ነው ብላ አስባ አታውቅም። የማንንም አልወሰደችም፤ የሠራችው የሌሉ ሰዎችን ድካም ነው።

ጥቅምት ስምንት ቀን የአዲሱ ፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ ጠረጴዛዋ ላይ በራ። ፊልሙ «ፌርማታ» ይባላል፤ ልጆች ከሐምሌ ጀምሮ ያዩታል። ገጸ ባሕርይው ትንሽ ጥቁር ፍየል ነው። አንዱ ቀንዱ የተሰበረ ነው፤ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ መንገደኛ ይጠራል። የዛሬ ልጆች ወያላ አይተው ስለማያውቁ ወያላ የፍየል ዓይነት ይመስላቸዋል። ስሙን ጢኖ ብለውታል። ናርዶስ ከቀንዱ ጀምራ ወደ ታች እያየች ስትወርድ እግሩ ላይ ቆመች። የፊት ግራ እግሩ ሰኮና ወደ ውስጥ የዞረ ነው።

እርሳሱን አስቀመጠች። ፍየሉን ታውቀዋለች። ስሙ ቁንዶ ነው፤ የሣለውም ነቢል ሰዒድ ነው።

በ2033 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ሳሪስ፣ ከጎማ ጥገና ቤት በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ስምንት ሆነው የካርቱን ፊልም ለመሥራት ይታገሉ ነበር። ናርዶስ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ነቢል በአስር ዓመት ይበልጣታል። መስመር ማስመር ያስተማራት እሱ ነው። ነቢል እርሳስ ከማንሣቱ በፊት ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ያያል፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ይሥላል። አይሰርዝም። ላጲስ አልነበረውም። ልጁ ሱመያ ስትወለድ ግራ እግሯ ወደ ውስጥ የዞረ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሆናት ለሦስተኛ ጊዜ ጀሶ ተደረገላት፤ የዚያን ዕለት ነቢል ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ሥራ መጥቶ ተቀመጠና የቁንዶን ሰኮና አዞረው። ከዚያ በኋላ የሣላቸው ቁንዶዎች በሙሉ እንደዚያ ናቸው።

ፊልሙ ሳያልቅ ድርጅታቸው ፈረሰ። ኮምፒውተሮቹ ከነውስጣቸው ለማን እንደሄዱ ማንም አልጠየቀም። ነቢል ደሴ ተመልሶ ታፔላ ሲጽፍ ኖረና በ2053 በኩላሊት ሞተ። ናርዶስ ቀብሩ ላይ ቆማለች።

የክፍሉ ኃላፊ ኪሩቤል ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ቶሎ የማይቆጣ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ናርዶስ ቢሮው ገብታ ነገረችው።

«ይህን ፍየል የሣለውን ሰው አውቀዋለሁ።»

«ሁሉም ነገር ከሆነ ቦታ ነው የሚመጣው፣ እትዬ ናርዶስ። ከየት እንደወሰደው ማሽኑ ራሱ አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ እኮ ነው የምልህ። ሴት ልጁ ደሴ አለች።»

ኪሩቤል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደብተር ምናምን ቀርቷታል?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው የለም።» ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። «ሰኮናው ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። ዮናታን ልጅ ሆኖ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበር የሚል ተዘጋጅቷል። በእሱ እጅ አድርገው ጠርዙ ላይ ይጻፉት። ኅዳር አስራ ሁለት እናስገባለን።»

ናርዶስ ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ በግራ እጇ ዘጠኝ ረቂቅ ሣለች። ጠርዙን ባዶ ተወችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሹፌር በሌለው አውቶቡስ ወደ ደሴ ወጣች። ሱመያ ሆጤ ሰፈር ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የግራ ጫማዋ ሶል ከቀኙ ከፍ ይላል። ናርዶስን በር ላይ ስታይ ለየቻት፤ አቅፋ አስገባቻት። ገና ሳይቀመጡ የሱመያ የስድስት ዓመት ልጅ ኢማን ከጓዳ መጣች። ግራ እግሯን ወደ ውስጥ አዙራ፣ እያነከሰች።

«አስተካክይ!» አለች ሱመያ።

ልጅቷ እግሯን አስተካክላ ወጣች። ደህና እግር ነው።

«ከነሐሴ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትሄደው፤» አለች ሱመያ። «በእኔ የምትቀልድ መስሎኝ መታኋት፣ እትዬ ናርዶስ። በማማሰያ መታኋት። ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ፊልሙን አየሁት።»

«አወቅሽው?»

«የአባቴን እጅ ላጣው ኖሯል? ለማን አቤት እንደሚባል ነው ያጣሁት።»

ተነሥታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ባለ ካሬ ደብተር አወጣች። ሠላሳ ስምንት ገጽ ነው። ቁንዶ ሲሮጥ፣ ቁንዶ ዝናብ ሲመታው፣ ቁንዶ መልስ ሲቆጥር፣ ቁንዶ ደክሞት ጎማ ላይ ሲተኛ። ከእያንዳንዱ ሥር ቀንና የነቢል ፊርማ አለ። ናርዶስ ገጾቹን ሁሉ ገለጠች። ከዚያ ምን እንደምትሠራ ለሱመያ ነገረቻት። ዮናታንን ነገረቻት፤ አርባውን ወረቀት፣ ንዴቱን፣ ሻዩን።

ሱመያ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ታዲያ አሁን ለቁንዶ ሌላ አባት ሊሠሩለት ነው?»

«አዎ።»



«ምን ይደረግ ትያለሽ፣ ሱሙ?» አለች ናርዶስ።

«ስሙ ይጻፍ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ስሙ ብቻ ይጻፍለት።»

ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤቱ እዚያው ደሴ ነው። ሰኞ ጠዋት አብረው ሄዱ። ደብተሩ እንዲታመን ናርዶስ ስለ ራሷ ሥራ መናገር እንደሚኖርባት ታውቃለች፤ ሐሰተኛ ረቂቅ የሠራ ሰው ደግሞ ይታሰራል። ለሱመያ ይህን አልነገረቻትም። በሩ ላይ ለአቤቱታ የመጣ ሁሉ የእጁ ናሙና እንዲያዝ በእርሳስ አንድ ክብና አንድ ረጅም መስመር ሠርቶ ነው የሚገባው። ናርዶስ በቀኝ እጇ፣ ማንንም ሳትሆን ሠራች።

መርማሪው ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ደብተሩን በሁለት እጁ ተቀብሎ የመመርመሪያው ማሽን መስታወት ሥር አኖረው። መብራቱ ከገጽ ገጽ ሄደ። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ።

«ሠላሳ አንድ፤» አለ። «ለማለፍ ሰባ ነው የሚያስፈልገው።»

«ከምን ጋር አነጻጽሮት ነው?» አለች ናርዶስ።

«ከተመዘገቡት መጻሕፍት ጋር። ሰው ይሳሳታል፣ ይሰርዛል፣ ይናደዳል። እዚህ ሠላሳ ስምንት ገጽ ላይ አንድ ስርዝ የለም። ሰው እንዲህ አይሥልም።»

«አባቴ እንዲህ ነው የሚሥለው፤» አለች ሱመያ።

መርማሪው ወደ ናርዶስ ዞረ። «ሌላም አለ። በር ላይ የሠሩት መስመር ከደብተሩ መስመር ጋር አንድ ነው። ይህን የሣሉት እርስዎ ነዎት ይላል።»

«መስመር ያስተማረኝ እሱ ነው! እሱ ስለሆነ ነው!» ናርዶስ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። «ሐሰት ከፈለጉ ሐሰቱ መዝገብ ቤታችሁ ነው ያለው። ሁለት መቶ አስራ ሁለቱን መጽሐፍ የሠራሁት እኔ ነኝ። ግራኝ ሆኜ፣ ሽማግሌ ሆኜ፣ ጎረምሳ ሆኜ። ስርዙም የእኔ ነው፣ ንዴቱም የእኔ ነው። ይህ ማሽን ሰው እንዴት እንደሚሳሳት የተማረው ከእኔ ውሸት ነው። ይጻፉት፤ እፈርማለሁ።»

መርማሪው አልጻፈም። የጽሕፈት ቤቱን በር አየት አድርጎ ድምፁን አለሰለሰ።

«እትዬ፣ የሚሏቸው መጻሕፍት ዘጠና አምስት፣ ዘጠና ሰባት ያገኙ ናቸው። ማኅተም አለባቸው። በየሰዉ ቤት ናቸው። የእርስዎ እጅ ቢሆኑ ኖሮ መብራቱ ይይዘው ነበር።»

«አሁን መስመርሽን አወቅሁ ያለኝ እሱ አይደለም?»

«እሱ ደብተሩ ላይ ነው። ቃልዎን ለመቀበል የሚሆን ቅጽ እንኳ የለኝም።»

ደብተሩን ግን አልመለሰም። ሐሰተኛ ተብሎ የተያዘ ዕቃ ለአቅራቢው አይመለስም፤ በአስር ቀን ውስጥ ይወገዳል። ሱመያ «ይወገዳል ማለት?» ብላ ጠየቀች። «ይፈጫል፤» አለ መርማሪው። ሱመያ እጇን ደብተሩ ላይ ጫነች። ጥበቃው መጣና አንድ በአንድ፣ ሳያሳምማት ጣቶቿን አነሣቸው።

ወደ ቤት ተመለሱ። ሱመያ ቁልፍ ስታወጣ፣ ወደ ናርዶስ ሳትዞር፣ «ባላወጣው ኖሮ እስካሁን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤» አለች።

ናርዶስ በአስሩ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ አቤቱታ ጻፈች። በአስራ አንደኛው ቀን መልስ መጣ። ዕቃው ስለሌለ አቤቱታው ተዘግቷል ይላል።

ኪሩቤል ሁሉንም ሰምቷል። ጠርቶ አስቀመጣት፤ በሩን ራሱ ዘጋው።

«ላሰናብትዎት ይገባ ነበር። አላሰናብትዎትም። እጅዎን የሚተካ የለኝም።» ወደ እሷ ጠጋ አለ። «አንድ ነገር ማድረግ እችላለሁ። ዮናታንን እንተወው። የንድፍ አውጪውን ስም ነቢል ሰዒድ እንበለው። የደሴ ሰው፣ ልጅ ያለው፣ የሞተ። ፍየሉም ከፈለጉ ቁንዶ ይባል ነበር ብለን እንጽፋለን። የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።»

ይህን ያለው አዝኖላት ነው። ናርዶስም ገብቷታል።

«አርባ ረቂቅ ግን ያስፈልጋል፤» አለ።

«ነቢል አይሰርዝም።»

«ካልሰረዘ አያልፍም። አይተውታል።»

ናርዶስ ለሱመያ ደወለች። ነገሩን እንዳለ ነገረቻት፤ ስርዙንም አልደበቀችም። 

«ስሙ ይጻፋል?» አለች ሱመያ።

«ይጻፋል።»

«ይሥሩት።»

ናርዶስ የዮናታንን ዘጠኝ ወረቀቶች ቀድዳ ጣለች። በአስራ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ቦታ ላይ በራሷ እጅ ሠራች። ሃያ ዘጠኙን ጥሩ ጥሩ ረቂቆች በስድስት ቀን ጨረሰች፤ ቁንዶ ሲሮጥ፣ ቁንዶ ዝናብ ሲመታው፣ ከደብተሩ የምታስታውሰውን ሁሉ። ስምንቱን የተበላሹ በሁለት ቀን ሠራች፤ ቀንዱን አረዘመች፣ አንገቱን አወፈረች፣ ነቢል በሕልሙ የማይሠራውን ሠራች። ሦስቱ ቀሩ። ቁንዶን አሳምራ ከሣለች በኋላ እርሳሱን በጡጫዋ ጨብጣ ከቀንዱ እስከ ሰኮናው ሰረዘችው። ወረቀቱ ተቀደደ። ትንሿ መብራት በመጀመሪያው ሙከራ አረንጓዴ ሆነች። አጠገቧ የምትሠራው ሴት ቀና ብላ አየቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከሰኮናው አጠገብ፣ በነቢል የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ መስመር ጻፈች።

መጽሐፉ ዘጠና ሰባት አግኝቶ አለፈ። በታኅሣሥ ወጣ፤ ወፍራም ካርቶን ሽፋን፣ ከላይ ፍየሉ፣ ከሥሩ «ንድፍ፦ ነቢል ሰዒድ» የሚል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሱመያ የሰጠችው ፎቶግራፍ ታትሟል። ነቢል ነው፤ ከዓይኑ ሥር የነበረውን ድካም አጥፍተውታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከደሴ እስከ ሞያሌ ያሉ ሰዎች ደብዳቤ ጻፉለት። አንዱ «ሦስቱን የተሰረዙ ገጾች አይቼ አለቀስኩ» ይላል።

ናርዶስ አንድ ቅጂ ይዛ ደሴ ወጣች። ኢማን ከእጇ ተቀብላ ምንጣፉ ላይ በደረቷ ተኛችና መግለጥ ጀመረች። እናቷም አጠገቧ ተቀመጠች። የተቀደደው ገጽ ላይ ሲደርሱ ልጅቷ ጣቷን በስርዙ ውስጥ ሰደደች።

«እማ፣ አያቴ ተናዶ ነበር?»

ሱመያ ናርዶስን አየቻት።

«አዎ፤» አለች ለልጇ። «ተናዶ ነበር።»

ገጹን ራሷ ገለጠችው። ቀጥሎ ያለው ሰኮናው ነው። ጠርዙ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለብቻዋ አነበበች፤ ከዚያ ድምፅ አውጥታ ደገመችው።

«‹ልጄ ስትሮጥ ከኋላ ብቻዋን እንዳትቀር፤ አንድ ፍየል እንኳ አብሯት ይቅር።›»

እጇን አፏ ላይ አደረገች።  ኢማን መጽሐፉን ትታ እናቷን ታያለች።

«እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤» አለች ሱመያ። «ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ስለ እግሬ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። እትዬ ናርዶስ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይህን እሱ ብሎታል ወይስ እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

ናርዶስ ለማስታወስ ሞከረች። የሳሪሱን ክፍል በሐሳቧ አየችው። ከታች የሚወጣውን የጎማ ሽታ፣ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ፣ ነቢል ከሐኪም ቤት መጥቶ ጃኬቱን ሳያወልቅ ሲቀመጥ አየችው። ዞር ብሎ አያት። አፉ ተንቀሳቅሷል? ቃሉን ልትሰማው ሞከረች፤ የመጣላት ግን የመስከረሙ ሰውዬ ድምፅ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የዮናታን፤ ከዚያ የሌሎቹ፣ ለእያንዳንዳቸው ምክንያት የጻፈችላቸው ሁለት መቶ አስራ ሁለቱ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ነቢልን ከመካከላቸው ለይታ ማውጣት አልቻለችም።

«ብሏል፤» አለች።

«መቼ?»

«ጀሶ ያስደረገልሽ ቀን። ለእኔ ነው የነገረኝ። ለልጄ እንዳትነግሪያት አለኝ፤ እግሯን እንደ ጉድለት እንዳታየው ብሎ።»

ቃላቱ ሳይደነቃቀፉ ተራ በተራ መጡላት። ሱመያ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ልጇን ጎትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፤ ኢማን ግራ እግሯን ወደ ውስጥ አጥፋ ተደላደለች። በዚህ ጊዜ ማንም አልተቆጣትም።

«ለእሷም ይንገሯት፤» አለች ሱመያ። «ከመጀመሪያው ጀምረው ይንገሯት። ምን ለብሶ እንደነበረ፣ እንዴት አድርጎ እንዳለው፣ ሁሉንም።»

ናርዶስ መናገር ጀመረች።